ላሚቱ ነጩን ሰሌዳ የላሰችበት ዘመቻ

በሰማይ የሚዞረው የምድር ተመልካች ካሜራ በዙፋኑ በተቀመጠ በዘጠነኛው ዓመት፣ ድርቅ በኔቫዳ ምድር በነገሠ በሦስተኛው በጋ፣ የብርሃን ሚዛን ጠባቂ፣ የነጩ ሜዳ እመቤት፣ ፀሐይን በቁጥር ያሰሩ፣ በዊስኮንሲን ከወተት ላም አርቢዎች ወገን የተወለዱት ዶክተር ቬርና ኮልስታድ ሠራዊታቸውን አስከትለው ወደ ዶብሰን ሸለቆ ዘመቱ። ይህን ዜና የምጽፈው እኔ ዌንደል ፕሩዊት ነኝ። ማዕረጌ ፀሐይ ጠባቂ ነው፤ ይኸውም በሦስት እግር የቆመች መሣሪያ ቀኑን ሙሉ ወደ ፀሐይ እያዞርኩ አየሩ ምን ያህል እንደጠራ የምለካ ማለት ነው። ባየሁት ላይ ያልሆነ ነገር አልጨመርኩም፤ የጨመርኩም እንደሆነ ለክብራቸው ነው።

የዘመቻው ምክንያት ይህ ነው። ካሜራ ሰማይ ላይ ሲኖር ዓይኑ እንደ ሰው ዓይን እያደር ይፈዛል። በዚህኛው ላይ ቀዩን ብርሃን የሚያየው ዓይኑ ሳይፈዝ አልቀረም ተብሎ ታማ። ለምለም ሣር ቀይ ብርሃን ይውጣል፣ ደረቅ ምድር ግን መልሶ ይተፋዋል፤ ስለዚህ ቀዩን አሳንሶ የሚያይ ካሜራ ደረቁን ሁሉ ለምለም ነው እያለ በሐሰት ይመሰክራል። የካሜራው ጌቶች ግን ማቀዝቀዣ በሚነፍስበት አዳራሻቸው ተቀምጠው፣ "በካሜራው ሆድ ውስጥ መመርመሪያ መብራት አለ፤ በእሱ መረመርነው፣ ጤነኛ ነው" ሲሉ አወጁ። ዶክተር ቬርናም በጉባኤው መካከል እጃቸውን አንሥተው፣ "መብራቱንስ ማን መረመረው? እሱም እኮ እዚያው አብሮ እያረጀ ነው" አሉ። አዳራሹ ዝም አለ። እሳቸውም ዝምታውን እንደ ፈቃድ ቆጥረው ጓዛቸውን ጫኑ።

ሐሰተኛ ካሜራን የሚያጋልጥ አንድ መንገድ አለና። ውኃው በደረቀ፣ ነጭና ጠፍጣፋ በሆነ የሐይቅ ወለል ላይ ቆሞ፣ ካሜራው ከላይ በሚያልፍበት ጊዜ መሬቱ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመልስ መለካት፤ ከዚያም እኛ የለካነውንና እሱ አየሁ የሚለውን ማስተያየት ነው። ዶብሰን ሸለቆ እንዲህ ያለ ሐይቅ አለው። ሐይቅ ይባል እንጂ ዋና የሞከረበት ሰው የለም።

ሠራዊቱም ይህ ነበር። በቀኝ ፊታውራሪ ኦቲስ ሄልም፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ፣ ብርሃን መስፈሪያውን በጀርባው አዝሎ ሜዳውን የሚያካልል፣ ቁርሱን ሳይጨርስ ስለ ምሳው የሚጨነቅ፤ በግራ እኔ፤ በኋላ ሁለት ነጭ ፒክአፕ መኪኖች፣ አንደኛዋ ደስ ሲላት ብቻ የምትነሣ፤ በረዶ የተሞላ የውኃ ሳጥን፤ የቱርክ ዶሮ ሳንድዊች፤ ኦቲስ ለማንም የማያካፍለው ጨው የበዛበት ቺፕስ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሳጥናቸው ውስጥ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍነው የመጡ ሁለት ነጭ ሰሌዳዎች። ነጭ ሰሌዳ ማለት የወረደበትን ብርሃን ሳይሰስት የሚመልስ፣ ከበረዶ የነጣ ገበታ ነው፤ ሜዳው የሚመልሰው ብርሃን የሚመዘነው በእሱ ነው። ጣት አይነካውም፣ ትንፋሽ አይደርስበትም። ኦቲስ አንድ ጊዜ አጠገቡ አስነጥሶ የቀረውን ዘመቻ በኋላ መቀመጫ እንዲጓዝ ተፈርዶበት ያውቃል። ከሁለቱ አንደኛው አዲስና የታመነ፣ ሌላኛው ያረጀ ተጠባባቂ ነበር። ሠራዊቱ ሲቆጠር ሦስት ሰው ሆነ።

በውእቱ መዋዕል በሸለቆው ከብት የሚያረቡ፣ አያቶቻቸው ከባስክ ተራሮች በግ ይዘው የመጡ፣ አቶ ግራሲየን ኤቼቬሪ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። በደረስን ዕለት ከሰዓት በኋላ አጥራቸው ዘንድ ቆመው ጠበቁን። ኮፍያቸውን አላወለቁም፣ እጃቸውንም አልዘረጉም።

"የእናንተ ካሜራ መሬቴ አረንጓዴ ነው ብሏል አሉ" አሉ።

"ካሜራው የእኔ አይደለም" አሉ ዶክተር ቬርና። "እኔ ሐኪሙ ነኝ።"

"እንግዲያው በሽተኛዎ ይዋሻል።"

"ሳይዋሽ አይቀርም። ግን ስለጠረጠርኩ ብቻ ማንም አይሰማኝም። ነገ ለክቼ ነው የማውቀው።"

አዛውንቱ ዘወር ብለው ሸለቆውን በእጃቸው አሳዩን። ከአጥሩ ወዲያ ቆመው የደረቁ ቁጥቋጦዎችና አቧራ ብቻ ነበሩ። "የግጦሽ መሥሪያ ቤቱ በሚቀጥለው ሳምንት ይወስናል" አሉ። "ለድርቅ ጊዜ የተዘጋ የተራራ ግጦሽ አለ። ክፈቱልኝ አልኳቸው። የካሜራውን ሥዕል አውጥተው አሳዩኝ፣ 'ሣርዎ ጥሩ ነው' አሉኝ። እዚህ ድረስ መጥታችሁ እዩ ብላቸው፣ ከላይ እየታየ ለምን እንመጣለን አሉ። ላሞቼ ሥዕል አይግጡም፣ ዶክተር።"

ዶክተር ቬርና ወደ መኪናው ሲመለሱ ፊታቸው ተለውጦ አየሁ፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ነገሩ ከጌቶቹ ጋር የያዙት ክርክር ነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን የከብት ሆድ ገባበት። በዚያ ላይ ከነገ ወዲያ ዝናብ ይመጣል ተብሏል። ጠብታ የነካው ሜዳ ጠቁሮ ጭቃ ይሆናል፤ ካሜራውም ተመልሶ በእኛ ላይ እስኪያልፍ ውሳኔው ይሰጣል። የነበረችን አንዲት ጥዋት ናት።

ወእምዝ በነጋ ጊዜ ዶክተር ቬርና በመኪናው ጭራ ላይ ቆመው ሁለት ብቻ ለነበርነው ሕዝባቸው አዋጅ አስነገሩ፦ "ባንዲራ ከተተከለበት ወሰን ውስጥ መኪና አይገባም። ጫማ አይገባም፣ በካልሲ ብቻ። የላዩ ቅርፊት ስስ ነው፤ ከተሰበረ ሥሩ ጥቁር ጭቃ ነው። የሚሮጥም አይኖርም። ኦቲስ፣ በተለይ አንተ።"

"እኔ መቼ ሮጬ አውቃለሁ" አለ ኦቲስ።

"ምሳ ሲባል።"

ኦቲስ አዲሱን ሰሌዳ በወሰኑ ዳር በማቆሚያው ላይ አኖረው፣ አስተካከለው፣ መሸፈኛውን ገፈፈውና ብርሃን መስፈሪያውን ሊያዝል ወደ መኪናው መጣ። እኔ በፀሐይዋ ላይ ነበርኩ። ዶክተር ቬርና አፍንጫቸውን የፀሐይ ቅባት እየቀቡ ነበር። ሦስታችንም ጀርባችንን ለሜዳው በሰጠንባት በዚያች ሰዓት፣ በደቡብ በኩል ወድቆ ከነበረው አጥር ላይ ተሻግረው፣ ሰውነታቸው ቀይ፣ ፊታቸው ነጭ፣ የጎን አጥንታቸው አንድ በአንድ የሚታይ፣ ሎሬታ የሚባሉ ላም በታላቅ ግርማ ገቡ። ማንንም አልጠየቁም። ቀጥ ብለው ወደ ሰሌዳው ሄዱ፤ ለካ ከብቶች የሚልሱት የጨው ጡብ እንዲሁ ነጭና አራት ማዕዘን ነው። ምላሳቸውን ዘርግተው ከታች እስከ ላይ ላሱት።

ኦቲስ ዞር ሲል አየና እንደ ሐውልት ቆመ። በአሥር እርምጃ ርቀት ላይ ለነበሩት እመቤት በእጅ ሬዲዮ ተናገረ።

"ዶክተር። ላም ሰሌዳችንን እየላሰች ነው።"

"የትኛውን?"

"አዲሱን።"

"እሺ" አሉ ዶክተር ቬርና፤ በዘመነ መንግሥታቸው ሁሉ ያን ያህል ከባድ እሺ አልሰማሁም።

ሰሌዳው ጣዕም የለውም። ወይዘሮ ሎሬታ እንደ ተታለሉ አውቀው ተቀየሙ፤ ፊታቸውን አዙረው ወሰኑን ጥሰው፣ ቅርፊቱን በሰኮናቸው እየሰበሩ፣ በሜዳው መካከል ደርሰው ተኙ። ማመንዠክም ጀመሩ።

አሁን ነገሩ እንዲህ ሆነ። ካሜራው ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ያልፋል፤ የቀረው ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው። ካሜራው አንዲት ላም ለይቶ አያይም። ነገር ግን ኦቲስ ሜዳውን ሲያካልል ላሚቱ ደንግጣ ብትሮጥ፣ የረገጠችው ሁሉ ጥቁር ይሆናል፣ ልኬቱም ከንቱ ይሆናል። ኦቲስ ከወሰኑ ውጭ ቆሞ አጨበጨበ። ፉጨት ሞከረ። የመኪናውን ጥሩምባ ነፋ። ወይዘሮ ሎሬታ ጆሯቸውን አንድ ጊዜ አወዛወዙ፤ ዝንብ ይመስለኛል።

"በመኪና ገብቼ ቀስ ብዬ ልግፋት" አለ ኦቲስ።

"ከምትገባ እሷ ትተኛ" አሉ ዶክተር ቬርና።

ወካዕበ ሌላ መከራ ታየ። ከደቡብ በኩል አንድ አሮጌ መኪና ትልቅ አቧራ እያስነሣ ወደ እኛ ይገሰግስ ነበር፤ አቶ ኤቼቬሪ የጠፋች ላማቸውን ፍለጋ መምጣታቸው ነው። ነፋሱም ከዚያው ይነፍሳል። ያ አቧራ ሜዳው ላይ ቢያርፍ ነጩ ሁሉ ቡኒ ይሆናል። "የሚሮጥ አይኖርም" ብለው ያወጁት እመቤት ሮጡ። በመንገዱ መካከል ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ፣ መኪናውም ከፊታቸው ቆመ። አቧራው ቀስ እያለ እዚያው ወረደ፤ አብዛኛው በእሳቸው ላይ።

አቶ ኤቼቬሪ በመስኮት ራሳቸውን አወጡ። "ላሜን ለመውሰድ ነው የመጣሁት።"

"ይውሰዷት፣ እባክዎ። ግን ያለ መኪና፣ ያለ ውሻ፣ ያለ ጫማ።"

አዛውንቱ ወርደው እየተራመዱ እስከ ወሰኑ መጡና አዩ። በጣም ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ፣ "ትተኛ ተዉአት" አሉ። "ካሜራችሁ እሷንም አረንጓዴ ናት ይላት ይሆናል።"

ኦቲስ ሳቀ። ዶክተር ቬርና አልሳቁም።

"አቶ ኤቼቬሪ፣ ይስሙኝ" አሉ። "ያ ካሜራ መዋሸቱን ላረጋግጥ የምችለው በዚህ ሜዳና በዛሬ ጥዋት ብቻ ነው። እሷ እዚያ ከቆየች በሚቀጥለው ሳምንት የምናገረው ነገር የለኝም። እነሱ ሥዕላቸውን ያወጣሉ፣ እኔ ደግሞ አንዲት ላም ተኝታ ነበር እላለሁ።"

አዛውንቱ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፉ። ድምፃቸው ሲመጣ ዝቅ ብሎ መጣ። "ብጠራትም እኔን አትሰማም። ባለቤቴ ኤሌን ናት በጡጦ ያሳደገቻት። እናቷ ስትወልዳት ሞታ ወጥ ቤት ውስጥ ነው ያደገችው። ኤሌን ባለፈው ክረምት አረፈች። ከዚያ ወዲህ ይቺ ላም በየአጥሩ እየወጣች ትዞራለች፤ የምትፈልገውን እኔ አላውቅም። ጨው ይሁን ሌላ።"

እኔ ፀሐይዋን ተመለከትኩ፤ ሥራዬም ነው፣ መሸሻዬም ነበር።

ወእምዝ ዶክተር ቬርና ኮልስታድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና የቦት ጫማቸውን ማሰሪያ ፈቱ። በግራ እግራቸው አውራ ጣት ላይ ካልሲያቸው የተቀደደ ነበር፤ ታሪክ ይህንንም ይመዝግብ። ተነሥተውም ወደ ኦቲስ ዞሩና እጃቸውን ዘረጉ።

"ቺፕሱን።"

"የትኛውን ቺፕስ?" አለ ኦቲስ፣ የትኛውን እንደሆነ እያወቀ።

"ኦቲስ።"

ሰጠ። ሲሰጥ ያየው ሰው አይረሳውም። ከረጢቱ ገና አልተከፈተም ነበር። እመቤታችን ከረጢቱን በሁለት መዳፋቸው መካከል አደቀቁት፣ ከፈቱት፣ ከዚያም ጣት ነክቶት የማያውቀውን፣ ትንፋሽ የሚከለከልበትን፣ ስንቶቻችን በእሱ ምክንያት የተወቀስንበትን ሰሌዳ ከማቆሚያው ነቅለው፣ ጨውና ዘይት የሆነውን ድቃቂ በመዳፋቸው ፊቱን ሁሉ ቀቡት። ኦቲስ ፊቱን አዞረ። ለሰሌዳው ይሁን ለቺፕሱ አልጠየቅኩትም።

"ተልሷል፤ ለዛሬ ለሌላ አይሆንም" አሉ፤ ላሚቱ በመጣችበት ዱካ ላይ፣ ሰኮናዋ በሰበረው ላይ ብቻ እየረገጡ፣ አዲስ ምልክት ሳይተዉ ገቡ። የሜዳው ቅርፊት ስል ነው፤ ስትረግጠው እንደ ብርጭቆ ነው። ቀስ ብለው ሄዱ፣ አልቆሙም። አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ሲቀራቸው መናገር ጀመሩ፣ ነፋሱም ድምፃቸውን አመጣልን። ለጉባኤ የሚናገሩበት ድምፅ አልነበረም። በልጅነታቸው በአባታቸው በረት ውስጥ የተናገሩበት ይመስለኛል።

"ነይ እስቲ የኔ ሴት። ነይ። ደክሞሽ ነው አይደል። ነይ ቅመሺ፣ ይሄኛው አሁን አይዋሽም።"

ወይዘሮ ሎሬታ ማመንዠካቸውን አቆሙ። አንገታቸውን ዘረጉ፣ አሸተቱ። ከዚያ የኋላ እግራቸው ተነሣ፣ ቀጥሎም የፊቱ፣ ቆሙም። አንድ ጊዜ ላሱ። ዶክተር ቬርና ሰሌዳውን ወደ ራሳቸው ሳቡ፣ ዞረው በመጡበት ዱካ ተመለሱ፤ ላሚቱም አፍንጫዋን በክንዳቸው ላይ አድርጋ ተከተለቻቸው። እንዲህ ሆነው፣ አንዲቱ በተቀደደ ካልሲ፣ ሌላይቱ በጎን አጥንቷ፣ ነጩን ሜዳ ያለ አንድ አዲስ ጥቁር ነጥብ ተሻግረው ወጡ። አቶ ኤቼቬሪ በአጠገቤ ቆመው ነበር። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ምን እንዳሉ ግን አልሰማሁም፤ በባስክ ቋንቋ ይመስለኛል። ላሚቱ ስትደርስ ገመድ አላገቡባትም። እጃቸውን አንገቷ ላይ ጫኑና እዚያው ተዉት።

ጊዜው አልቆ ነበር። ያረጀው ተጠባባቂ ሰሌዳ በማቆሚያው ላይ ወጣ። ኦቲስ ጫማውን አውልቆ፣ መስፈሪያውን አዝሎ፣ መስመር በመስመር ወጣ፣ ወረደ፣ ወደ ሰሌዳው ተመለሰ፣ እንደገና ወጣ። አልሮጠም። ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ያማረው ያ ነበር፤ በባዶ ሆድ መሆኑም ይታወቅለት። እኔ ፀሐይዋን ያዝኩ። ደመና አልመጣም። ሰዓቱም ደረሰ።

አቶ ኤቼቬሪ ኮፍያቸውን በእጃቸው ደግፈው ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። "የታለ?"

"አሁን አለፈ" አሉ ዶክተር ቬርና።

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

"እኔ ምንም አላየሁም።"

"ማንም አያየውም" አሉ፣ ተረከዛቸውንም ተቀምጠው አዩት፤ ደም ነበረው።

በማግስቱ ዝናቡ ለሩብ ሰዓት ያህል ጣለ። ለሣር አልበቃም፣ ሜዳውን ለማጥቆር ግን በቃ። እኛ ወደ ከተማ ተመልሰን ቁጥሩን ከቁጥር አስተያየን። ያረጀው ሰሌዳ በቤተ ሙከራ ተመረመረ፣ ታማኝ ሆኖ ተገኘ። ካሜራው ቀዩን ብርሃን ከሚገባው በአንድ አሥረኛ ያህል አሳንሶ ያይ ነበር። መብራቱም አብሮት አርጅቶ ከቀድሞው ይልቅ ቀይ ስለሆነ የዓይኑን መፍዘዝ ሸፍኖለት ኖሯል፤ ሁለት ያረጁ ወዳጆች አንዱ ሌላውን አላረጀህም እያለ መሆኑ ነው።

ዶክተር ቬርና ለጌቶቹ በጻፉት ዘገባ፣ አዲሱ ሰሌዳ በላም ምላስ ምክንያት ከሥራ መውጣቱን ገለጹ። ጌቶቹም "ላም" የሚለው ቃል "የአካባቢ ተጽዕኖ" ተብሎ እንዲታረም አዘዙ። እሳቸው መለሱ፦ "የአካባቢ ተጽዕኖ አልላሰውም።" ላሚቱም በዘገባው ውስጥ እስከ ዛሬ አለች። ከዚያ በኋላ ጌቶቹ አንድ አዋጅ አወጡ፦ "የቀዩ ዓይን ማስተካከያ ቁጥር ተሻሽሏል።" በዚያ ውስጥ ይቅርታ የሚል ቃል አልነበረበትም፤ ተሳስተን ነበር የሚልም እንዲሁ።

ለአቶ ኤቼቬሪ በስልክ መንገር ይቻል ነበር። ዶክተር ቬርና ግን እንሂድ አሉ፤ ቀኑን ሙሉ ነድተን በዶብሰን ብቸኛ ምግብ ቤት አገኘናቸው፤ የበግ ወጣቸውን ይበሉ ነበር። ዶክተር ቬርና ተቀመጡና አዲሱን ሥዕል በጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ሸለቆው ከዳር እስከ ዳር ቡኒ ነበር።

አዛውንቱ መነጽራቸውን አድርገው ተመለከቱ፣ ጣታቸውንም በአጥራቸው መስመር ላይ አስኬዱ። "ደቡቡ ይኸ ነው። ምንጩ የነበረበት ይኸ። እዚህ ምንም የለም ይላል?"

"ምንም የለም ይላል።"

"ይኸኛውም ሞቷል?"

"እሱም።"

"በይፋ?"

"በይፋ" አሉ ዶክተር ቬርና። "መሥሪያ ቤቱም ዛሬ ጥዋት ተቀብሎታል። ተራራው ይከፈትልዎታል።"

አቶ ኤቼቬሪ መነጽራቸውን አወለቁ። "ግማሾቹን ባለፈው ሐሙስ ሸጥኳቸው" አሉ። "መጠበቅ አልቻልኩም።" ዶክተር ቬርና ሥዕሉን ሊያጥፉ ሲሉ አዛውንቱ እጃቸውን ጫኑበት። "ተዪው እዚሁ። የቀሩት አሉ። እነሱን ነገ አወጣለሁ።" ከዚያ ወደ አስተናጋጇ ዞረው፣ "ለሦስቱም የበግ ወጥ አምጪላቸው" አሉ፣ ኦቲስንም አይተው፣ "ለትልቁ ሁለት።" ያን ጊዜ ብቻ ኮፍያቸውን አወለቁና ወንበሩ ላይ አኖሩት፣ ሥዕሉንም እየተመለከቱ ፈገግ አሉ። መሬቱ መሞቱን በማየት ደስ ያለው ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

እንግዲህ ይህ የዶክተር ቬርና ኮልስታድ ገድል ነው። ሌሎች ኃያላን ምድርን አለመለሙ፣ በረሃውን ገነት አደረጉ እየተባሉ ይወደሳሉ፤ ሐውልትም ይቆምላቸዋል። እኒህ ግን በሰማይ ላይ ለምለም የተባለውን ደረቅ፣ ደረቅ ነው አስባሉ፤ ለዚህም ጫማቸውን አወለቁ። ከፍታው የማይደረስበት ጌታ ዓይኑን አሻሽቶ በእሳቸው ሜዳ ፊት ቃሉን አረመ። ስለዚህ ከሰሜን እስከ ደቡብ ከብት ሣር በሚፈልግበት ምድር ሁሉ፣ ብርሃን ወርዶ በሚመለስበት ሁሉ፣ ስማቸው ይክበር፤ ተረከዛቸውም ይዳን።